የመስከረም ቀለም በሁለት አገር

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ቁልቁለቱን የጨረሰ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮም ሽቅብ ወደ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ፣ ከአውቶቡሱ መስኮት ልብ ብሎ ከተመለከተ ገደሉ እንደ አንድ ትልቅ የቀለም መደብር ተደርድሮ ይታየዋል። ከታች ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ በእሱ ላይ ነጩ ጀሶ ከሸክላማ ንጣፍ ጋር እየተፈራረቀ ይነባበራል፤ ቀጥሎ ቢጫ ያዘለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከሁሉ በላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ዓለት እንደ ክዳን ተደፍቷል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እያንዳንዱን ንጣፍ በየስሙ ይጠሩታል፤ ከፊሉም ባሕር አገሩን ሸፍኖት በነበረበት ዘመን የተነጠፈ መሆኑን ያስተምራሉ። የአገሩ ሰው ግን ለዚህ ሁሉ ቀለም ቆሞ አያጨበጭብም። ለእሱ ገደሉ ቆላና ደጋ የሚለይበት፣ ፍየል የሚያዳልጥበት፣ ከታች የሚነሣው ወበቅ ከላይ ካለው ብርድ ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ ነው።

የደጀን ሰው ቀለምን የሚፈልገው በሌላ ቦታና በተወሰነ ወቅት ነው። ክረምቱ ሊያባራ ሲቃረብ፣ የጤፉ ማሳ አረንጓዴ ሲለብስና በየድንበሩ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ የሰውም እጅ ወደ ቀለም ይዘረጋል። በቋንቋችን ቀለም ማለት ብዙ ነገር ነው፤ ጽሑፍም ቀለም ነው፣ ትምህርትም ቀለም ነው፣ ብዙ የተማረውም ቀለም የዘለቀው ይባላል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ቀለም ማለት በገበያ ቀን ከነጋዴ ሸራ ላይ በትንንሽ ክምር ተቀምጦ፣ በማንኪያ እየተሰፈረ በወረቀት የሚቋጠር ዱቄት ነው። ሴቶች ይህን ዱቄት በፈላ ውኃ በጥብጠው አክርማውን ይነክሩበታል፤ ቀዩን፣ ወይን ጠጁን፣ አረንጓዴውን አለላ ያወጡበታል። መሶቡም፣ አገልግሉም፣ ሙዳዩም መልኩን የሚያገኘው ከዚያች ቋጠሮ ነው። አለላ የምትሰፋ ሴት ንድፉን በወረቀት ላይ አትነድፍም፤ እያንዳንዱን ዙር በጣቷ ትቆጥራለች እንጂ። ስንት ቀይ፣ ስንት ጥቁር፣ ከዚያ እንደገና ስንት ቀይ። በኪነ ጥበብ ላይ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን ሥራ «የእጅ ሥራ» ብለው ከሥዕል አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡታል። ደረጃውን ያወጣው ማን እንደሆነ ግን አይናገሩም።

ለበዓል ቤት ሲሰናዳም እንዲሁ ነው። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ ሲደርቅም ለስልሶና ጠጥሮ አዲስ መደብ ይሆናል። የመኸር ጊዜ ሲደርስ አውድማው የሚለቀለቀውም በዚያው በእበት ነው፤ እህል የሚወድቅበት ምድር ከአፈርና ከጠጠር መለየት አለበትና። በተለቀለቀው ወለል ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ይህ አረንጓዴ ምንጣፍ ዕድሜው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ሲጠወልግ ተጠርጎ ይወጣል፤ ማንም ሰው ቄጤማው ጠፋ ብሎ አያዝንም፤ ለሚመጣው በዓል ሌላ ቄጤማ ይታጨዳልና።

በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜ ውስጥ ደግሞ የወንዶች ልጆች ሥራ ይጀመራል። ልጃገረዶቹ ለአበባየሆሽ ዘፈን ሲለማመዱ፣ ወንዶቹ ወረቀት ይዘው ያጎነብሳሉ። አበባ ይሥላሉ፤ ወፍ ይሥላሉ፤ ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶውን የሚወጋውን ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ጨረሯን የምትረጭ ፀሐይ ይሥላሉ። ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን በጉልህ ፊደል ይጽፋሉ። የክረምት እርጥበት ቀለሙን ቶሎ ስለማያደርቀው ወረቀቱ ከምድጃው አጠገብ ይሰጣል፤ ጥቂቱም ጥግ ጥጉ በሙቀት ይኮማተራል። መስከረም አንድ ቀን በማለዳ ልጁ ሥዕሎቹን በብብቱ ሸጉጦ ከቤት ቤት ይዞራል። ደጅ ቆሞ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ይላል፤ የቤቲቱም እመቤት ሥዕሉን ተቀብላ «አብሮ ያድርሰን፣ ልጄ፤ እደግ፣ ተመንደግ» ትለዋለች። ሳንቲም ወይም ዳቦ ትሰጠዋለች። ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የእሳቱ ጭስ እስኪያጠቁረው ድረስ እዚያው ይቆያል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሥዕል ይለጠፍበታል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በደጀን ሲሆን፣ በዚያው ወቅት፣ ከዚህ እጅግ ርቆ በሰሜን ሕንድ በያሙና ወንዝ ዳር፣ ሌሎች እጆች በሌላ የቀለም ዱቄት ላይ ያጎነብሳሉ። ማቱራና ቭሪንዳቫን የሚባሉት ከተሞች የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ክሪሽና ተወልዶ ያደገበት አገር ነው ብለው የሚያከብሯቸው ናቸው። በዚያ አካባቢ ሳንጂ የሚባል የአምልኮ ጥበብ አለ። ስሙ ከምሽት፣ ከፀሐይ መጥለቂያ ጋር የተያያዘ ነው። እንደሚተረከው፣ የክሪሽና ወዳጅ ራዳ ከጓደኞቿ ጋር በዱር አበባ እየለቀመች በምሽት ሥዕል ትሠራ ነበር፤ ክሪሽናም ሴት መስሎ፣ የሴት ልብስ ለብሶ ከመካከላቸው ይገባ ነበር ይባላል። ወቅቱ በእነሱ አቆጣጠር ጨረቃ ከሙሉነቷ ተነሥታ እስክትጠፋ ያለው ግማሽ ወር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ መስከረም ላይ ያርፋል። ለእኛ መስከረም የአዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ነው። ለእነሱ ግን ያ ግማሽ ወር የሞቱ አባቶች የሚታሰቡበት ስለሆነ አዲስ ነገር አይጀመርበትም። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሕዝብ ሁለት ነገር ሲናገር ይገርማል።

ሳንጂ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በገጠር የሚሠራው ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ሕንድ መንደሮች ያላገቡ ልጃገረዶች የቤታቸውን ግድግዳ ጥቂት ቦታ አለስልሰው፣ የላም እበት በጣታቸው እያድበለበሉና እየለጠፉ የሳንጂን ምስል ይሠራሉ፤ በላዩ የአበባ ቅጠል ይሰካሉ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይጨምራሉ። በየቀኑ ሌላ ቅርጽ ይሠራል፤ በመጨረሻው ቀን የምሽግ ቅርጽ ያለው ትልቅ ሥዕል ይወጣል፤ ከዚያም ሁሉም ከግድግዳው ተልጦ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ ይወርዳል። ልጃገረዶቹ የሚለምኑት መልካም ባልና የሞላ ቤት ነው። በእጇ እበት ለቅልቃ የማታውቅ የጎጃም ሴት ስለሌለች፣ ይህን ቢነግሯት የምትደነቅበት ነገር የሥራው መሣሪያ አይሆንም። የምትደነቀው ልጃገረዶቹ ለዚህ የሚሆን ጊዜ በማግኘታቸው ይሆናል።

ሁለተኛው መልክ በቤተ መቅደስ የሚሠራው ነው፤ ስቴንስል የሚባለው የተቆረጠ ወረቀትና የቀለም ዱቄት ያሉት በዚህ ነው። ሥራውን የሚሠሩት የቤተ መቅደሱ አገልጋይ የሆኑ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ዛሬ ይህን በተሟላ መልኩ የሚያደርጉት ጥቂት ቤተ መቅደሶች ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም በቭሪንዳቫን የሚገኘው የራዳ ራማን መቅደስ ይጠቀሳል። በመጀመሪያ ከአፈር ስምንት ማዕዘን ያለው መደብ ተደልድሎ ይለሰልሳል። (ስምንት ማዕዘን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአገራችንም በዚህ ቅርጽ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ።) በመደቡ ላይ ክር እየተወጠረ መሥመር ይሠመራል፤ ዙሪያው የሐረግና የቋጠሮ ጌጥ ይይዛል፤ መካከሉ ለዋናው ትርእይት ይተዋል። ትርእይቱ ክሪሽና ከብት ሲጠብቅ፣ ዋሽንት ሲነፋ፣ ወይም ከራዳ ጋር በጀልባ ሲሄድ የሚያሳይ ይሆናል።

የወረቀቱ ሥራ ከሁሉ ይከብዳል። በአንድ ሥዕል ውስጥ ስንት ቀለም ካለ በዚያው መጠን የተለያየ ወረቀት በጥቃቅን መቀስ ይቆረጣል። ቢጫው የሚገባበት ቦታ ብቻ የተከፈተበት ወረቀት፣ ሰማያዊው የሚገባበት ብቻ የተከፈተበት፣ የዓይን ሽፋሽፍት ያህል ቀዳዳ ያለበት ወረቀት ይሰናዳል። ቀዳዳው በዝቶ ወረቀቱ እንዳይበጠስ በየመካከሉ ቀጭን ድልድይ መተው ያስፈልጋል፤ ጥበቡ ያለው በሚቆረጠው ላይ ያህል በሚተወው ላይም ነው። ከዚያ ወረቀቱ በመደቡ ላይ ይነጠፋል፤ ዱቄቱ በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ ከላይ ይነፋል፤ ልክ በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት። ወረቀቱ ሲነሣ ሠሪው ትንፋሹን ይይዛል። ጥቂት ነፋስ ወይም አንድ የተሳሳተ የእጅ እንቅስቃሴ የግማሽ ቀን ሥራ ያጠፋልና። በላዩ ሁለተኛው ወረቀት ይነጠፋል፤ ሦስተኛው ይከተላል። በውኃ ላይ የሚሠራም አለ፤ ዱቄቱ ሳይሰምጥ በውኃው ፊት ይንሳፈፋል። ከውኃው ሥር የሚሠራም አለ።

ቀኑን ሙሉ የተሠራው ሥዕል በምሽት መጋረጃው ይገለጣል። ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ መዝሙር ይዘመራል። በማግሥቱ ሥዕሉ ይደመሰሳል፤ መደቡም ለሚቀጥለው ይለሰልሳል። የተጠረገው ዱቄት ወደ ያሙና ይወሰዳል።

ይህን የሚሰማ ዘመናዊ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን ያጠፉታል?» ብሎ ነው። ጥያቄው የመጣው ሥዕል ማለት በፍሬም ውስጥ ገብቶ የሚንጠለጠል፣ የሚሸጥና የሚወረስ ነገር ነው ከሚል ልማድ ነው። የደጀን እናት ግን ይህን ጥያቄ አትጠይቅም። ቄጤማውን ጠርጋ የምታወጣ፣ የወለሉን እበት በየበዓሉ የምታድስ፣ ጭስ ባጠቆረው የእንቁጣጣሽ ሥዕል ላይ አዲሱን የምትለጥፍ ሴት፣ የተሠራ ነገር ሁሉ እንዲቀመጥ እንዳልተሠራ ታውቃለች። የሚቀመጠው ሌላ ነገር ነው። ሥዕሉ በየማለዳው ሲጠፋ የተቆረጡት ወረቀቶች ግን በጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ ከእነሱም ይልቅ ወረቀት የሚቆርጠው እጅ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንባብያን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንና በደርግም ጊዜ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ የሕንድ መምህራን አስተምረዋል። በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ከሕንድ መምህር ያልተማረ የዚያ ዘመን ተማሪ ጥቂት ነው። ከእነዚህ መምህራን አያሌዎቹ የመጡት ከደቡባዊው ኬራላ ነበር፤ በርካታዎቹም ክርስቲያኖች ነበሩ። ስለዚህ ሳንጂ የእነሱ ባህል አልነበረም። ነገር ግን በኬራላ ኦናም በሚባለው የመኸር በዓል፣ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ፣ በየደጁ በአበባ ቅጠል ክብ ክብ ጌጥ ይነጠፋል፤ ለአሥር ቀናትም በየዕለቱ ዙር ይጨመርበታል። በዓሉን የየሃይማኖቱ ሰው ያከብረዋል። ተማሪዎቻቸው አደይ አበባ ይዘው ሲዞሩ እነዚያ መምህራን ምን እንዳሰቡ ጠይቆ የጻፈ ሰው ቢኖር ዛሬ ጥሩ መጽሐፍ በወጣው ነበር። ስለ ሕንድ መምህራን የሚነገረው አብዛኛው ቀልድ አነጋገራቸውን በማስመሰል ላይ ብቻ የቆመ መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ ጉዳዩ ለመመለስ፤ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ዛሬ በችግር ላይ ነው። በከተሞች፣ በደጀንም ባሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች፣ በማሽን የታተመና የተባዛ ሥዕል ይሸጣል። ልጁ በጥቂት ብር ይገዛዋል፤ አንዳንዱ በጥቁር መሥመር ብቻ የተባዛውን ገዝቶ ቀለም ይቀባዋል፤ ሌላው ያለቀለትን ገዝቶ ያድላል። ይህን የሚያዩ የባህል ተቆርቋሪዎች ወዲያው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ኮፒ ባህላችንን ገደለው ይላሉ። አባባሉ ቀላልና ደስ የሚል ነው፤ ሲመረመር ግን አይቆምም።

ሳንጂ ራሱ ምንድን ነው? ከአንድ ወረቀት አንድ ዓይነት ሥዕል ደጋግሞ የማውጣት ዘዴ ነው፤ በሌላ አነጋገር ኮፒ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንስ? ሠዓሊው፣ ማለትም መሪጌታው ወይም ቄሱ፣ ከራሱ አእምሮ አዲስ ነገር ለመፍጠር አልተነሣም። ቀዳሚው የሣለውን ዳግም ይሥላል። መልአኩ በመቅደሱ በር ላይ ሰይፉን መዝዞ መቆም አለበት፤ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ማየት አለበት፤ ክፉ ሰው በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ መታየት አለበት። ይህ ሥርዓት ነው። ከዚህም አልፎ፣ በጎንደር ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎቻችን ከባሕር ማዶ የመጣ ኅትመት ከፊታቸው አስቀምጠው ሥለዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1590 እና በ1591 በሮም በዐረብኛ የታተመው ወንጌል በእንጨት ቅርጽ የተሠሩ ሥዕሎች ነበሩት፤ ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ኢጣሊያዊ ነበር። የእነዚያ ሥዕሎች አቀማመጥ በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ውስጥ ይታያል። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕልም በኢየሱሳውያን በኩል ቅጅዋ መጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ሠዓሊዎች እጅ ስፍር ቁጥር በሌለው መንገድ ተሥላለች። ሆኖም እነዚህን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የትኛው የሮም፣ የትኛው የጎንደር እንደሆነ ለመለየት ዓይኑን ማሸት አያስፈልገውም። ዓይኑ ተልቋል፤ ጥላው ተወግዷል፤ መሥመሩ ደፍሯል፤ ልብሱ የእኛ ሆኗል። ኮፒው በእጅ ውስጥ አልፏል።

የእጅ ነገር ይበልጥ የሚገለጠው በሥራው ሂደት ነው። የቀድሞው ሠዓሊ ጨርቁን በማጣበቂያና በነጭ ልስን ያሰናዳል፤ መሥመሩን ያወጣል፤ ደቀ መዛሙርቱ ቀለሙን በየቦታው ይሞላሉ፤ በመጨረሻ መምህሩ በጥቁር ቀለም መሥመሩን ዳግመኛ ያነሣዋል። ቀለሙም እንደ ሳንጂው ሁሉ በመጀመሪያ ዱቄት ነው። ጥላሸት ለጥቁሩ፣ ጀሶ ለነጩ፣ ቀይ አፈር ወይም ከውጭ የመጣ ሲናበር ለቀዩ፣ ዛርኒክ የሚባለው የማዕድን ቢጫ ለቢጫው፣ ኒል ለሰማያዊው ያገለግል ነበር። ይህን ሁሉ በድንጋይ ላይ የሚፈጭ ደቀ መዝሙር ቀለም ማለት ምን እንደሆነ ክንዱ ያውቀዋል። በቱቦ ተሞልቶ የሚመጣውን ቀለም የሚጨምቅ ሰው ያላወቀውን ነገር ያውቃል፤ ቢጫው ከቀዩ ይልቅ ለመፍጨት እንደሚለይ፣ ሻካራ የቀረ ቀለም ከግድግዳ ቶሎ እንደሚረግፍ።

እጅ ያላለፈበት ኮፒ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ታሪክ ራሱ አሳይቶናል። በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. መካከል በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በጎንደር ቆየ። ከጎንደር ዘመን የተላለፉት የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለነበሩ ተልጠው ተነሡ። በምትካቸው ከቡድኑ ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አዲስ ቅጅ ሠርቶ ለጠፈ። ጥንታውያኑ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ በሚባለው ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ቅጅው መጥፎ ሥራ ስለነበረ አይደለም ነገሩ የሚቆረቁረው፤ ሩ የሠለጠነ ሠዓሊ ነበር። የሚቆረቁረው ሥዕሉ መታደስ ካስፈለገው ያን ለማድረግ የሚገባቸው የአገሩ ሠዓሊዎች በዚያው በጎንደር መኖራቸው ነው። አሮጌ ሥዕል ሲያረጅ በአዲስ መተካት ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳው ነገር አሮጌው ወደ ውጭ ሲሄድ አዲሱም ከውጭ መምጣቱ ነበር። በመካከሉ የአገሩ እጅ ሥራ ፈቶ ቀረ።

እጁ በቦታው ሲኖር ምን እንደሚሆን ለማየት ከደጀን ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ቢቸና ቅርብ ናት። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በዚያ አካባቢ የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ ሥዕልን በዚያው ወግ ተምረው፣ ኋላ በአዲስ አበባ ኖረው ሥለዋል። ሥራቸው በ1997 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በፋውለር ቤተ መዘክር ለብቻው ትርኢት ቀርቦለታል። የቅዱሳንን ታሪክ፣ የዐድዋን ጦርነት፣ የገበያንና የሰርግን ኑሮ በዚያው በሥርዓቱ ዓይንና በዚያው መሥመር ሠርተዋል፤ ግን ማንም ሰው የቄስ አዳሙን ሥዕል ከሌላው አያምታታም። ሥርዓቱን የተከተለ ሰው የራሱን እጅ አያጣም። በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ መውጣታቸውም የሚዘነጋ አይደለም።

ስለዚህ በደጀን ገበያ የሚሸጠው የታተመ የእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚጎዳው ኮፒ በመሆኑ አይደለም። ልጁ ከታላቁ ልጅ ሥዕል ቢገለብጥ፣ ወረቀት በወረቀት ላይ አድርጎ በመስኮት ብርሃን መሥመሩን ቢከተል፣ አንድ ቅርጽ ቆርጦ በዚያ ሃያ አበባ ቢያወጣ፣ ይህ ሁሉ የጥበብ መንገድ ነው፤ ቭሪንዳቫንም ጎንደርም የተጓዙበት ነው። ጉዳቱ ያለቀለትን ገዝቶ የሚዞረው ልጅ የሚሰጠው ነገር የእሱ አለመሆኑ ነው። የቤቲቱ እመቤት ይህን ታውቀዋለች። የታተመውንም ትቀበላለች፤ «እደግ» ትላለች፤ ሳንቲሙንም ትሰጣለች። ነገር ግን የተጣመመች ወፍ፣ ሦስት ጣት ብቻ ያለው መልአክ ሲመጣላት ትንሽ ቆማ ትመለከተዋለች፤ «ይህችን ማን ሣላት?» ብላ ትጠይቃለች። ልጁም «እኔ ነኝ፣ እማማ» ይላል። የታተመው ሥዕል ይህን ጥያቄ አያስጠይቅም።

በቤተ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በብዙ ሥፍራ በፕላስቲክ ሸራ ላይ የታተሙ ትልልቅ ሥዕሎች በቀድሞው ሥዕል ፊት ተሰቅለዋል። የሚያሰቅሏቸው ምእመናን በቅን ልቡና ነው የሚያደርጉት፤ ገንዘብም ያወጣሉ። ያ ገንዘብ ለአንድ የአካባቢ ሠዓሊና ለሁለት ደቀ መዛሙርቱ የአንድ ክረምት ቀለብ ሊሆን ይችል እንደነበር ግን የሚያሰላላቸው ሰው የለም። ሠዓሊው በሌለበት ሥዕሉ ሲላጥ፣ ያኔ ቅርስ ይባልና ከሩቅ ባለሙያ ይጠራል።

የእንቁጣጣሽ ሥዕል አንድ የተለየ ድክመት አለው፤ ይኸውም የጊዜው ነገር ነው። ሥዕሉ የሚሠራው በነሐሴና በጳጉሜ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት ነው። ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት ሥዕሉ ታድሎ አልቋል። ስለዚህ ይህ ጥበብ በመምህር ፊት ቀርቦ አያውቅም፤ ማርክም አግኝቶ አያውቅም። ያስተማረው ታላቅ ወንድም ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እረኛ ለእረኛ ነበር። ለብዙ ዘመን ይህ ጥንካሬው ነበር፤ ማንም ሳያዝዘው ይሠራ ነበርና። አሁን ግን ታላቁ ልጅ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ታናሹ የሚገለብጥበት ወረቀት የለውም፤ ሱቁ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

የቭሪንዳቫን ቤተሰቦች ለዚህ ዘዴ አላቸው። በመቅደሱ በሥራው ቀን ትንንሾቹ ልጆች ዱቄት ይነፋሉ፤ ወረቀት ይይዛሉ። ቀለም ማቅረብና አበባ መልቀም ከተፈቀደላቸው በኋላ ነው መቀሱን የሚጨብጡት። የመጀመሪያው ዓመት ሥራቸው በማግሥቱ ስለሚጠፋ፣ ስሕተታቸውም አብሮ ይጠፋል።

በደጀን ያሉ የአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ የሰኔ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ለልጆቹ አንድ ሳምንት ቢሰጧቸው ወጪው ብዙ አይደለም። ወረቀት፣ ጥቂት ማንኪያ የገበያ ቀለም፣ ሙጫና ያረጀ ነጠላ ጨርቅ ነው። ነጩ ጀሶ ከገደሉ ይገኛል፤ ቀዩ አፈር በየመንገዱ አለ፤ ጥላሸት ከየቤቱ ድስት ሥር ነው። የሚፈጭበት ድንጋይም በየቤቱ የወፍጮ ቤት ከመጣ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ከማጀት ጥግ የተቀመጠው ነው። እናቶች ልጁ ድንጋዩን ሲሸከም ሲያዩት መጀመሪያ ምን ሊሆን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ለመፍጨት መጁ እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳዩት እነሱ ራሳቸው ናቸው።